600 ሺ ዶላር ስም ያጸዳል ወይ?

ሙሉቀን፦ የትናንቱን እንቀጥል፣ የኒውዮርኩን ፖሊስ የኤድሪያን ስኩልክራፍትን ጉዳይ። አዲስ ለገባችሁ ባጭሩ፣ ሰውየው ብሩክሊን 81ኛው ጣቢያ ነበር የሚሠራው፣ አለቆቹ ቲኬትም (የቅጣት ወረቀት) ፍተሻም በኮታ አምጡ ሲሉ፣ ተዘረፍኩ ብሎ የመጣውን ሰው አቤቱታ ደግሞ ቁጥሩ እንዲያምርላቸው አቅልለው ሲያስጽፉ በድብቅ ይቀዳቸው ነበር፣ በኋላ ሄዶ ለመርማሪዎች ተናገረ። ኦክቶበር 31 2009 አሞኛል ብሎ አንድ ሰዓት ያህል ቀድሞ ቤቱ ገባ፣ ማታውኑ ቤቱ ድረስ መጥተው በካቴና አስረው ሆስፒታል የአእምሮ ሕሙማን ክፍል ከተቱት፣ 6 ቀን! በ2015 ከተማው 600 ሺ ዶላርና ውዝፍ ደሞዙን ሰጠው። እኔ የምለው ስሙ ጸድቷል፣ ምን ቀረ?

የብሮንክሷ፦ ምን ቀረ ትላለህ እንዴ ሙሌ! ኬዙ እኮ ችሎት ፊት ሳይሰማ ነው በድርድር ያለቀው። ሰውየውን የወሰዱት እብድ ነው ብለው ነው፣ አገር ቤት ቢሆን አማኑኤል አስገቡት የምንለው ማለት ነው፣ አንዴ እንደዛ ከተባልክ ደግሞ የምትናገረው እውነት ሁሉ የበሽታህ ምልክት ይሆናል። የሚገርመኝ የፖሊሱ የራሱ መርማሪዎች ጉዳዩን አጣርተው በ2010 ባለ 95 ገጽ ሪፖርት ጽፈዋል፣ ወንጀል ያቀልላሉ ያለው ልክ ነው የሚል፣ ግን ቆልፈው አስቀመጡት፣ ሰው ያወቀው በ2012 ሾልኮ ሲወጣ ነው። ያንን ሪፖርት ያኔውኑ አደባባይ ቢያወጡት ብር ባይሰጡትም ስሙ ይመለስ ነበር ባይ ነኝ።

ጋሽ ታዬ፦ ልጆች እኔ ደግሞ አልስማማም። 11 ዓመት ዩኒፎርሙን ለብሻለሁ፣ አብሮህ የሚያድረውን ባልደረባ በድብቅ መቅዳት ነውር ነው። ነገ ጥይት ሲተኮስ ማን ከጎንህ ይቆማል? የጣቢያው አዛዥም ስሜን አጠፋው ብሎ መልሶ ከሶታል እኮ፣ የሱስ ስም ስም አይደለም?

ባለታክሲው፦ ጋሼ ኒውዮርክ ውስጥ አንተ ራስህ ያለህበትን ንግግር መቅዳት በሕግ ይፈቀዳል፣ ነውር ነው ካሉ ሌላ ነገር። እኔ እዚህ ስነዳ ወር መጨረሻ ላይ ቲኬት ሲበዛብኝ በጸሎቴ ነው ወይስ በዕድሌ እል ነበር 😂 ያ ቅጂ እኮ በ2013 የኒውዮርክ ፖሊስ መንገደኛን እያስቆመ ይፈትሻል ተብሎ በተከሰሰበት ክስ ላይ ማስረጃ ሆኖ ቀርቧል፣ ዳኛዋም አሠራሩ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብላ ፈረደች። ባይቀዳ ማን ያምነው ነበር? ቤቱ ሲገቡም አንዱን ሪከርደር አግኝተው ወሰዱ፣ ሌላው ግን እየቀዳ ነበር፣ ያቺ ሁለተኛዋ ባትኖር እስከዛሬም እብድ ነው።

ሙሉቀን፦ እሺ ይሁን፣ ግን ብሮንክሷ፣ ገንዘብ ስም አያጸዳም ካልሽ ሰውየው ምን ያድርግ ታዲያ? ዕድሜውን ሙሉ ፍርድ ቤት ይመላለስ? ጠበቃ በነጻ አይደለም

የብሮንክሷ፦ እሱማ ይቀበል፣ እኔ እሱን አልወቀስኩም። የከፈለው ከተማ ምን አጥፍቼ ነው የከፈልኩት የሚለውን ይናገር ነው ያልኩት።

ጋሽ ታዬ፦ እዚህ ላይ ከልጅቷ ጋር ነኝ። በኔ የደረሰ ልንገራችሁ፣ ጣቢያውን አልጠራም። ኤግዚቢት የነበረ የእጅ ሰዓት ጠፋ ተብሎ ተረኛው እኔ ነበርኩና ከሥራ ታገድኩ፣ 7 ወር። ኋላ ሰዓቱ እዛው ቁምሳጥን ውስጥ ከመዝገብ ጀርባ ወድቆ ተገኘ። የደረሰኝ ደብዳቤ አንድ መስመር ናት፣ ወደ ሥራ ገበታህ ተመለስ። ለምን እንደታገድኩ የለ፣ ሰዓቱ ተገኘ የሚል የለ። ደሞዜን መለሱልኝ፣ የሰፈራችን ባለሱቅ ግን ስኳር በዱቤ መስጠት እንዳቆመ ቀረ፣ ደብዳቤውን ባሳየው እንኳ ምን ብሎ ያነበዋል? ሚስቴ ሌላ ሱቅ ለመድረስ አስፋልት ትሻገር ነበር።

ባለታክሲው፦ ጋሼ ያኔ ሪከርደር ቢኖርዎት ግን አይቀዱም ነበር? እውነቱን

ጋሽ ታዬ፦ አንተ ልጅ፣ ያኔ ቴፕ ማለት የሙልሙል ዳቦ ያህል ነው፣ የት ኪሴ ልከተው?