የጆሮ ጩኸት መሣሪያ፦ ሌኒየርን ከውጭ እናስመጣ ወይስ የሚሺጋኑን እንጠብቅ?

አራት_ኪሎ_27

ሰላም ለሁላችሁ። ታማሚው 54 ዓመቱ ነው፣ ብዙ ዘመን ማሽን ቤት የሠራ። ሁለቱም ጆሮ ላይ ቀጭን ፉጨት አለ፤ ቀን ከሌት አይቋረጥም፤ ከጀመረ ሦስት ዓመት አልፎታል። የመስማት ምርመራው ውጤት (ኦዲዮግራሙ) እስከ 2000 ኸርዝ ደህና ነው። 4000 ላይ 50 ዴሲቤል፣ 6000 ላይ 55፣ 8000 ላይ 45 ይላል፤ ቀኝና ግራው እኩል ነው። መንጋጋውን ወደ ፊት ሲገፋ ፉጨቱ ይጨምራል።

ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ ሌኒየር የሚባለውን ምላስ ላይ የሚደረግ መሣሪያ ሊያመጣ ፈቃደኛ ነው። ሌሎች ደግሞ «የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲው መሣሪያ ይሻላል፣ ጠብቁ» ይላሉ። በመሣሪያዎቹ መካከል ያለውን ልዩነት የሚያውቅ፣ እስከዚያስ እዚሁ ሸገር ላይ ምን ማድረግ እንደሚቻል የሚነግረን አለ? «ቻለው፣ ከዕድሜ ጋር ነው» የሚለውን መልስ ከበቂ በላይ ሰምተናል።

ኦዲዮ_ልደታ

ጥያቄው በደንብ ተሟልቶ ስለቀረበ አመሰግናለሁ፤ አብዛኛው ሰው ኦዲዮግራሙን ሳይጽፍ ነው የሚጠይቀው።

ሌኒየር ደብሊን ያለው የኒውሮሞድ ኩባንያ ሥራ ነው። ሦስት ክፍል አለው፦ የብሉቱዝ ማዳመጫ፣ በእጅ የሚያዝ መቆጣጠሪያ፣ እና 32 ኤሌክትሮድ ያለበት ምላስ ላይ የሚያርፍ ቁራጭ። ጆሮ ድምፅ ይሰማል፣ ምላስ በዚያው ሰዓት ቀላል የኤሌክትሪክ መነካካት ይሰማዋል። አጠቃቀሙ በቀን 60 ደቂቃ ለ12 ሳምንት ነው፤ ጠዋትና ማታ 30፣ 30 ደቂቃ ተብሎ ሊከፈል ይችላል። የአሜሪካው የመድኃኒትና የሕክምና መሣሪያ ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ በማርች 2023 ፈቅዶታል።

ዘመድ በሻንጣ ሊያመጣው የተባለው ላይ ግን ቆም በሉ። መሣሪያው እንደ ስልክ ከካርቶኑ አውጥተው የሚከፍቱት ዕቃ አይደለም። ድምፁ በታካሚው ኦዲዮግራም ይስተካከላል፤ የምላሱ የኤሌክትሪክ መጠንም ሰውየው ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ምን ያህል እንደሚሰማው እየተጠየቀ ነው የሚወሰነው። በመሐል ሕክምናው ሲቀየርም ያው ባለሙያ ነው የሚቀይረው። ያለዚያ በሌላ ሰው ልክ የተሰፋ ኮት ገዝቶ እንደመምጣት ነው፤ ኮቱ ደግሞ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ያወጣል።

ውጤቱንም በጥንቃቄ አንብቡት። ለፈቃዱ መሠረት የሆነው ጥናት 112 ሰዎች ላይ የተደረገ ነው፤ መጀመሪያ 6 ሳምንት ድምፅ ብቻ፣ ቀጥሎ 6 ሳምንት ድምፅና ምላስ። ጩኸታቸው መካከለኛና ከዚያ በላይ ከሆነባቸው ውስጥ በሁለተኛው ዙር 58.6 በመቶዎቹ ትርጉም ያለው መሻሻል አሳይተዋል፤ ይህም ከድምፅ ብቻው ዙር የተሻለ ነበር። ሁሉም ታማሚ አንድ ላይ ሲታይ ግን ልዩነቱ አልታየም። እያንዳንዱ ሰው የሚወዳደረው ከራሱ ጋር ነው፤ የውሸት መሣሪያ የተሰጠው ሌላ ቡድን የለም። በዚህ ላይ ባለሙያዎች ዛሬም ይከራከራሉ፤ በእኔ ግምት ክርክራቸው ተገቢ ነው። «መሻሻል» የተባለውም ጩኸቱ ጠፋ ማለት አይደለም፤ ጩኸቱ ሰውየውን ምን ያህል እንደሚያስቸግረው የሚለካው ቲኤችአይ የሚባል መጠይቅ ላይ ቢያንስ 7 ነጥብ ወረደ ማለት ነው።

መጠይቁን አሁኑኑ ሙሉት። 25 ጥያቄ ነው፤ «አዎ» 4፣ «አንዳንዴ» 2፣ «አይ» 0፣ ድምሩ ከ100። ከ38 በታች ከሆነ ለሌኒየር ገንዘብ ማውጣት አይመከርም። ከእንግሊዝኛ እየተረጎማችሁ የምታነቡለት ከሆነ ሁልጊዜ አንድ ሰው ያንብብለት፤ በየጊዜው ትርጉሙ ከተቀየረ ነጥቡ ከሕመሙ ጋር ሳይሆን ከአንባቢው ጋር ይወርድና ይወጣል።

የሚሺጋኑ የዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ የሱዛን ሾር ሥራ ነው። እዚያ ምላስ የለም፤ ኤሌክትሮዱ የሚለጠፈው አንገት ወይም ጉንጭ ላይ ነው። ሐሳቡ ይህ ነው፦ ከጆሮ የሚመጣው ነርቭ መጀመሪያ በሚያርፍበት የአንጎል ግንድ ክፍል ላይ፣ ከፊትና ከአንገት የሚመጣ የመዳሰስ መልእክትም ይገባል። ሁለቱ በሚሊሰከንድ በተለካ ቅደም ተከተል ሲደርሱ፣ ያለ ምክንያት አብረው የሚተኩሱት ሕዋሳት ከመናበብ ይወጣሉ። በ2023 የወጣው ጥናት 99 ሰዎችን ያካተተ ነበር፤ በቀን 30 ደቂቃ ለ6 ሳምንት፣ ንጽጽሩም ድምፅ ብቻ ከሚሰጥ ሕክምና ጋር፤ የትኛውን እያገኘ እንደሆነ ታካሚውም አያውቅም። በጥናት አሠራሩ ከሌኒየሩ ይልቅ ይህ ይጠነክራል። የተመረጡት ግን መንጋጋ ወይም አንገት ሲያንቀሳቅሱ ጩኸቱ የሚለወጥባቸው ብቻ ናቸው። እናንተ «መንጋጋውን ሲገፋ ይጨምራል» ያላችሁት ስለዚህ ትልቅ ነገር ነው።

በደንብ አረጋግጡት። ማታ፣ መንገዱ ጸጥ ካለ በኋላ፣ መጀመሪያ ፉጨቱን ከ0 እስከ 10 ነጥብ ይስጠው። ከዚያ መንጋጋን ወደ ፊት፣ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፤ ጥርስን ገጥሞ መንከስ፤ መዳፍን ግንባርና ጆሮ ግንድ ላይ አድርጎ እጁን በጭንቅላቱ መግፋት። እያንዳንዱ 10 ሰከንድ፣ ከእያንዳንዱ በኋላ ነጥብ። በሦስት የተለያዩ ቀናት ድገሙት። አንድ ቀን ብቻ ከተለወጠ አትቁጠሩት።

ከአንገት_በላይ

ከላይ የተባለው ልክ ነው፤ ሆኖም ስለ መሣሪያ ከማውራት በፊት መጣራት ያለባቸው አሉ። ይህ ታማሚ ሁለት ጆሮው እኩል ስለሆነ ቀለል ይላል፤ ሌላው አንባቢ ግን ይህን ይያዝ።

ጩኸቱ በአንድ ጆሮ ብቻ ከሆነ፣ ወይም የአንዱ ጆሮ መስማት ከሌላው በግልጽ ካነሰ፣ የመስማት ነርቭ ላይ እባጭ አለመኖሩን በኤምአርአይ ማየት ያስፈልጋል። ከልብ ምት ጋር እኩል «ዱም ዱም» የሚል ከሆነ የደም ግፊት፣ የደም ማነስ፣ የእንቅርት ምርመራና የደም ሥር ምስል ይታዘዛል፤ እንዲህ ላለው ሌኒየርም የሚሺጋኑም አይሆኑትም። በአንድ ሌሊት መስማት ያቆመ ጆሮ ደግሞ ድንገተኛ ነው፤ የስቴሮይድ ሕክምናው በ72 ሰዓት ውስጥ ቢጀመር ይመረጣል፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ጥቅሙ በጣም ይቀንሳል። «ቅዝቃዜ ነው፣ ይለቃል» እየተባለ የሚያልፈው ጊዜ ይህ ነው።

መድኃኒቶቹንም ዘርዝሩ። ጄንታማይሲን፣ ለተላመደ ቲቢ የሚሰጠው አሚካሲንና ቀድሞ ይሰጥ የነበረው ካናማይሲን መርፌዎች፣ ኩዊኒን፣ በብዛት የሚወሰድ አስፕሪን፣ ላሲክስ፣ ለካንሰር የሚሰጠው ሲስፕላቲን፤ ሁሉም ጆሮን ሊነኩ ይችላሉ። የአስፕሪንና የኩዊኒኑ ብዙውን ጊዜ መድኃኒቱ ሲቆም ይመለሳል፤ የመርፌዎቹ አይመለስም። የቲቢ መድኃኒት ግን በራስ ውሳኔ አይቋረጥም፤ ለሐኪሙ ተነግሮ የመስማት ምርመራ እየተደረገ ይቀጥላል ወይም ይቀየራል።

ኩክ ካለ መጀመሪያ እሱ ይውጣ። የወይራ ዘይት 2 ወይም 3 ጠብታ በቀን ሁለቴ፣ ከ3 እስከ 5 ቀን፣ ከዚያ ጤና ተቋም ሄዶ በ37 ዲግሪ ውኃ ማሳጠብ። ውኃው ከቀዘቀዘ ወይም ከሞቀ ክፍሉ ይዞርበታል። ጆሮው መግል ካለው ወይም ታምቡሩ የተበሳ ከሆነ ጠብታም እጥበትም የለም። ጤና አዳም በዘይት አሙቆ ማንጠብጠብ የተለመደ ነው፤ በተበሳ ታምቡር በኩል ወደ ውስጥ ገብቶ የሚያደርሰውን ጉዳት ግን ከአንገት በላይ ክፍል የሚሠራ ሁሉ ያውቀዋል።

አራት_ኪሎ_27

ቲኤችአይው 46 ሆነ። ኩክ የለም፤ ከዝርዝሩ ውስጥ የሚወስደው መድኃኒትም የለም። የመንጋጋው ሙከራ ሦስቱንም ቀን ተለውጧል፤ ከ5 ወደ 7።

አንድ ነገር ልጨምር። ፊዚዮቴራፒ የሚጠቀሙበት፣ ቆዳ ላይ ተለጥፎ ቀላል ኤሌክትሪክ የሚሰጥ ቴንስ የሚባል ማሽን በርካሽ ይገኛል። አንገት ላይ ለጥፎ በማዳመጫ ድምፅ ቢከፈት ከሚሺጋኑ ጋር ያው አይሆንም?

ሜክሲኮ_ፊዚዮ

አይሆንም፤ ብታደርጉትም አደጋ አለው። የሚሺጋኑ መሣሪያ ቁም ነገሩ ኤሌክትሪኩ ሳይሆን ሰዓቱ ነው። ከድምፁ በስንት ሚሊሰከንድ ቀድሞ ወይም ዘግይቶ እንደሚደርስ ካልተቆጣጠራችሁ ውጤቱ ሊገለበጥ ይችላል፤ በእንስሳት ላይ በተደረገው ሥራ ቅደም ተከተሉ ሲቀየር የሕዋሳቱ መነቃቃት ጨምሯል። የቴንስ ማሽን ደግሞ በራሱ ምት ነው የሚሄደው፣ የማዳመጫውን ድምፅ አያውቅም። አንገት ፊት ለፊትና ጎን ላይ በፍጹም አይለጠፍም፤ ትልቁ የደም ሥር እዚያ ስላለ የልብ ምትና የደም ግፊት በድንገት ሊወርድ፣ የጉሮሮ ጡንቻም ሊኮማተር ይችላል። ፔስሜከር (የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ) ላለው ጨርሶ አይታሰብም።

ከ5 ወደ 7 መለወጡ ግን ሌላ በር ይከፍታል፤ መንጋጋውንና አንገቱን ማከም። የመንጋጋ መጋጠሚያው ሲከፈት ይንኳኳል? ጠዋት ሲነሳ ጉንጩ ይደክማል? ሌሊት ጥርስ ያፋጫል? ከሆነ የጥርስ ሐኪም ይየውና የሌሊት መከላከያ ይሥራለት። እስከዚያ ቀላሉ እንቅስቃሴ ይህ ነው፦ የምላስ ጫፍ ከላይ ከፊት ጥርሶች ኋላ ላንቃ ላይ ይቀመጥና፣ ምላሱ ሳይነሳ መንጋጋ የሚከፈተውን ያህል ብቻ ቀስ ብሎ ይከፈት። 6 ጊዜ፣ በቀን 6 ዙር። ምላሱ ከተነሳ በዝቷል ማለት ነው። ቆሎ፣ ጥብስ ሥጋና ማስቲካ ለአንድ ወር ይቅሩ። ጫት ከቃመ፣ ለሰዓታት ጉንጭ አንድ ወገን ላይ መያዙ ለዚህ መጋጠሚያ ከሁሉም የከፋው ነው፤ ይህን ሳያቆም ሌላው ሁሉ ውኃ ቢወቅጡት ነው።

ለገሃር_ድምፅ

በዚህ ኦዲዮግራም እኔ መጀመሪያ የማስበው የመስሚያ መሣሪያ ነው። «እኔ እኮ እሰማለሁ» ብሎ እንዳይከራከራችሁ፤ 4000 ላይ 50 ማለት ሰ፣ ፍ፣ ት የሚሉት ድምፆች ይጠፉበታል፣ አንጎሉም ያጣውን ለማግኘት ድምፅ ማጉያውን ከፍ አድርጎታል። የዝቅተኛው ድምፅ መስማቱ ደህና ስለሆነ የጆሮ ቀዳዳን የማይደፍን ክፍት ጉልላት (ጆሮ ውስጥ የሚገባው ለስላሳ ጫፍ) ይደረግለት። የተዘጋ ከተደረገ የገዛ ድምፁ በርሜል ውስጥ የገባ ይመስለውና በሁለተኛው ሳምንት መሳቢያ ውስጥ ይጥለዋል። በቀን ቢያንስ 8 ሰዓት ይለበስ፤ በዓል ሲመጣ ብቻ የሚወጣ ነጭ ልብስ አይደለም።

ከማስገጠማችሁ በፊት ኦዲዮግራሙ የተሠራበትን ክፍል ጠይቁ። መሀል ከተማ ታክሲ በሚጮህበት መስኮት ሥር የተለካ ከሆነ 250 እና 500 ኸርዝ ላይ ሁለቱም ጆሮ ከእውነቱ የባሰ ይወጣል። የእናንተው ዝቅተኛው ደህና ስለሆነ ብዙ የሚያሰጋ አይደለም።

ለሌሊቱ፦ ስልኩን ወይም ሬዲዮኑን ትራስ አጠገብ ሳይሆን አንድ ሜትር ራቅ አድርጉ፤ ማዳመጫ አይተኛበትም። ከጣቢያ ውጭ የቆመ ሬዲዮ የሚያወጣው «ሽሽሽ» በቂ ነው። ድምፁን ከዜሮ ጀምራችሁ ቀስ እያላችሁ ከፍ አድርጉ፤ ፉጨቱና ሽሽታው የሚቀላቀሉበት ቦታ ስትደርሱ ትንሽ መልሳችሁ ዝቅ። ፉጨቱ ከሥር መሰማት አለበት። ሙሉ በሙሉ ከሸፈናችሁት አንጎል የሚለምደው ነገር አያገኝም፤ ሬዲዮው ሲጠፋም ጩኸቱ እንደ አዲስ ይመጣበታል። የሐምሌ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ይህን ሥራ በነፃ ይሠራል። መስከረም ላይ «ባሰብኝ» ቢል ክረምቱ ወጥቶ ጸጥታው ተመልሶ ሊሆን ይችላል።

ቀን ላይ ጥጥ በጆሮ ከቶ መዋል ይቅር፤ ጆሮ ጸጥታን ሲለምድ ተራው ድምፅ ሁሉ ያስደነግጠዋል። መሰኪያ የሚያስፈልገው ጄኔሬተር ወይም ግራይንደር አጠገብ ሲሆን ነው፤ 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት ገደቡ ነው፣ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። አሁንም ማሽን ቤት ከሆነ ከሁሉም በፊት ይህ ይስተካከል።

ጂንኮ፣ ዚንክ፣ ሜላቶኒን እያሉ ለጆሮ ጩኸት የሚሸጡትን እርሷቸው። የአሜሪካ ከአንገት በላይ ሐኪሞች ማኅበር በ2014 መመሪያው አይመከሩም ብሏል፤ የሚመክረው የመስሚያ መሣሪያንና ሐሳብን የሚያስተካክለውን የሥነ ልቦና ሕክምና ነው።

ኦዲዮ_ልደታ

46 ከሆነ በነጥቡ ለሌኒየር ይገባል፤ በመንጋጋው ደግሞ ለሚሺጋኑ። እኔ ብሆን ሌኒየሩን አልገዛም፣ የሚሺጋኑንም አልጠብቅም፤ የመስሚያ መሣሪያውን አስገጥሜ ከ3 ወር በኋላ ቲኤችአይውን እደግማለሁ። 7 ነጥብ ከወረደ ዶላሩ ከኪስ ሳይወጣ ያንኑ ያህል ተገኘ ማለት ነው። ካልወረደ ታማሚው ራሱ ለሕክምና ወደ ውጭ በሚሄድበት ጊዜ እዚያው ልኩ ተለክቶ ሌኒየርን ይጀምር። ለሽያጭ የሚያስገባ ሰው ካለ ደግሞ የሕክምና መሣሪያ በምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን መመዝገብ እንዳለበት አይርሳ።

አራት_ኪሎ_27

ሌኒየሩ ቀረ። ዘመድ ባዶ እጁን ከሚመጣ የመስሚያ መሣሪያ ባትሪ ያምጣ ብለናል። 312 የሚባለው መጠን ቢሆን ለዓመት ስንት ይበቃል?

ለገሃር_ድምፅ

ቡናማ ምልክት ያለው ነው 312። ለአንድ ጆሮ በሳምንት አንድ ብላችሁ ያዙ፤ ለሁለት ጆሮ በዓመት 104። አንድ ካርድ ላይ 6 ስላለ 18 ካርድ። ማብቂያ ቀኑ ከሁለት ዓመት በላይ የቀረው ይሁን፤ በእጅ ሻንጣ ይያዝ። ጀርባው ላይ ያለውን ተለጣፊ ቀድማችሁ አትላጡ፤ አየር ከገባው በኋላ ብትጠቀሙበትም ባትጠቀሙበትም ያልቃል። ስትልጡት አንድ ደቂቃ ጠብቃችሁ ክተቱት። ግን መጀመሪያ መሣሪያውን ምረጡ፤ በቻርጅ የሚሠራ ከሆነ 18 ካርድ ባትሪ ታቅፋችሁ ትቀራላችሁ።