የኦዲዮ ሶፍትዌር ባጎች (ስህተቶች) በአንድ የጋራ መዝገብ ይያዙ ወይስ በየፕሮጀክቱ?

አወያይ፦ በሊኑክስ ላይ ድምፅ የሚቀዳ ሰው ሳያውቀው ብዙ ፕሮጀክቶችን በአንዴ ይጠቀማል። ከታች የድምፅ ካርዱን የሚያንቀሳቅሰው የከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) ድራይቨር አልሳ አለ። ከሱ በላይ ድምፁን ከፕሮግራም ወደ ፕሮግራም የሚያስተላልፍ የድምፅ ሰርቨር፣ ጃክ ወይም ፓይፕዋየር። ከዚያ እንደ አርዶር ያለ መቅረጫ። መቅረጫው ውስጥ ደግሞ ሌሎች ሰዎች የጻፏቸው ፕለጊኖች፣ ማለትም ተጨማሪ ትንንሽ ፕሮግራሞች። ፕለጊኖቹን የሚያስተናግደው ፕሮግራም ሆስት ይባላል። ሁሉም ባግ የሚቀበሉት በየራሳቸው ቦታ ነው። አርዶር ማንቲስ የሚባለውን የባግ መዝገብ ይጠቀማል፣ ፓይፕዋየር የፍሪዴስክቶፕን ጊትላብ፣ ሌሎቹ የድምፅ ፕሮግራሞች ኦዳሲቲና ሃይድሮጅን ደግሞ ጊትሃብን። ለሁሉም አንድ የጋራ መዝገብ ይኑር የሚሉ አሉ። እናንተስ?

ሙዚቀኛዋ፦ ይኑር እንጂ! እኔ ፕሮግራመር አይደለሁም። እየቀዳሁ ድምፁ ይቆራረጣል፣ ወይ ፕሮግራሙ ድንገት ይዘጋል። ከየትኛው ንብርብር እንደመጣ በምን አውቃለሁ? አንዱ ጋ ሪፖርት ሳደርግ «የኛ አይደለም» ይሉና ይዘጉታል። ሌላው ጋ አዲስ አካውንት ከፍቼ ያንኑ ደግሜ እጽፋለሁ። እነሱም ወደ መጀመሪያው ይመልሱኛል። ለነጻ ሶፍትዌር ደጅ ጥናት ምን ይባላል? አንድ ቦታ ልጻፍና እናንተ ተነጋገሩበት።

የሆስት ፕሮግራመሩ፦ ብሶትሽ ይገባኛል፣ መፍትሔው ግን ተሞክሯል። ሎንችፓድን ተመልከቱ። የኡቡንቱ ባለቤት ካኖኒካል በ2004 እ.ኤ.አ. የጀመረው የጋራ መዝገብ ነው። አንድ ባግ ተከፍቶ «ይህንንም ፕሮጀክት ይነካል» ተብሎ በበርካታ ፕሮጀክቶች ስም ሊያዝ ይችላል። በሌላ መዝገብ ያለ ባግ ምን ደረጃ ላይ እንደደረሰም ይከታተላል። ቴክኒኩ ሰርቷል። ግን ብዙዎቹ ፕሮጀክቶች የራሳቸውን መዝገብ ትተው አልመጡም። ሰው ኮዱ ባለበት ነው የሚሠራው። ባጉ ከኮዱ ጎን ካልሆነ ማንም አያየውም። የጋራ መዝገብ ብትከፍቱ እኔ በሳምንት አንዴ ላየው እችል ይሆናል። ከዚያ እረሳዋለሁ።

ፓኬጅ አዘጋጇ፦ በዚህ እስማማለሁ። ግን ያሁኑም አያዋጣም። ፕሮግራሞችን አዘጋጅተን ለተጠቃሚ የምናቀርብበት የሊኑክስ ስርጭት፣ ዴቢያን፣ ውስጥ ጥሩ ልማድ አለ። ተጠቃሚው ለኛ ሪፖርት ያደርጋል። ችግሩ የዋናው ፕሮጀክት ከሆነ እኛ እናስተላልፈዋለን። የተላለፈበትም አድራሻ እዛው ባጉ ላይ ይመዘገባል። ሰውየው አዲስ አካውንት መክፈት የለበትም። ክሩ አይበጠስም። ችግሩ ምንድነው ካላችሁ፣ አስተላላፊው ሰው ነው። ሰው ከሌለ የአድራሻው ቦታ ባዶ ሆኖ ይቀራል።

ፕለጊን ጸሐፊው፦ አንድ ነገር በደንብ ላሳያችሁ፣ ክርክሩ ያለ ምሳሌ ወደ ሰማይ እየወጣ ነው። ሆስቱ ለፕለጊኑ በየዙሩ የተወሰነ ሳምፕል (የድምፅ ቅንጣት) ይሰጠዋል፤ ይህ ብሎክ ይባላል። 256 እንበል። በሰከንድ 48,000 ሳምፕል ሲሮጥ ይሄ 5.3 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። አሁን ትራኩ ላይ የቮልዩም ኦቶሜሽን፣ ማለትም በተወሰነ ቦታ ላይ ቮልዩሙን ራሱ የሚለውጥ ትእዛዝ፣ አለ እንበል። ለውጡ በትክክለኛው ቦታ ላይ እንዲያርፍ አንዳንድ ሆስቶች 256ቱን ለሁለት ይከፍሉታል፣ 100 እና 156። ፕለጊኑ ደግሞ ሁልጊዜ 256 ይመጣል ብሎ ከተጻፈ ክራሽ ያደርጋል። በሌላ ሆስት ግን አንድም ችግር የለበትም። ተጠቃሚው ምን ይላል? «ይሄ ሆስት ይወድቃል፣ ያኛው አይወድቅም፣ ስለዚህ ጥፋቱ የሆስቱ ነው።» ሪፖርቱ ወደ ሆስቱ ይሄዳል።

የሆስት ፕሮግራመሩ፦ እኛም እንዘጋዋለን፣ ምክንያቱም ጥፋቱ የኛ አይደለም።

ፕለጊን ጸሐፊው፦ ልክ ነህ፣ ጥፋቱ የፕለጊኑ ነው። ኤልቪ2 በሚባለው የፕለጊን ደንብ ላይ ሕጉ ግልጽ ነው። የብሎክ መጠኑ ቋሚ እንዲሆንለት የሚፈልግ ፕለጊን አስቀድሞ ማሳወቅ አለበት፣ ለዚሁ የተዘጋጀ ኤክስቴንሽንም (የደንቡ ተጨማሪ ክፍል) አለ። ግን ስትዘጋው ይህን ሁሉ ያወቅከው አንተ ብቻ ነህ። ፕለጊኑን የጻፈው ሰው አልሰማም። ሙዚቀኛዋም አልገባትም። እውቀቱ አንተ ጋ ተቀበረ። እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው።

ሙዚቀኛዋ፦ እኔ ያልኩትስ ይሄንኑ አይደል!

ፓኬጅ አዘጋጇ፦ የፓይፕዋየር ጉዳይ ደግሞ ይባስ። ፓይፕዋየር የጃክን ላይብረሪ በራሱ ይተካዋል። ፕሮግራሙ ከጃክ ጋር የሚያወራ ይመስለዋል፣ የሚመልስለት ግን ፓይፕዋየር ነው። ተጠቃሚው «ጃክ ላይ ባግ አለ» ብሎ ጃክ ጋ ይጽፋል። የጃክ ሰዎች በሌላ ሰው ኮድ ምን ያድርጉ? ስለዚህ የትኛው ጃክ እንደሚሮጥ ካልተጠየቀ ሪፖርቱ ከመነሻው ተሳስቷል። ፌዶራ የሚባለው የሊኑክስ ስርጭት ከእትም 34 ጀምሮ ፓይፕዋየርን ነባሪ ካደረገ በኋላ ይህ ጥያቄ የግድ ሆኗል።

የሆስት ፕሮግራመሩ፦ እንግዲያው መዝገቡን ሳይሆን ቅጹን አንድ እናድርገው። የድምፅ ሰርቨሩ ማን ነው? ባፈሩ (በየዙሩ የሚሰጠው ሳምፕል) ስንት ነው? ሳምፕል ሬቱስ (በሰከንድ ስንት ሳምፕል)? ፕለጊኑ ሲወጣ ችግሩ ይጠፋል? ሌላ ሆስት ላይ ይደገማል? እነዚህን ሁሉም ፕሮጀክት በአንድ ቅደም ተከተል ከጠየቀ ሪፖርቱ እንዳለ ይዛወራል። ፕለጊኖችን ደግሞ ጃልቭ በሚባለው ትንሽ ሆስት እንዲሞክሯቸው እንጠይቅ።

ፕለጊን ጸሐፊው፦ ቅጹ ጥሩ ነው። በጃልቭ ብቻ ግን አትተማመን። የሞካሪው ሆስት ብሎኩን ካልከፋፈለው የነገርኳችሁ ባግ በጭራሽ አይታይም። «እዚህ ይሠራል» ብለን እንደገና ሰውየውን ልናባርረው ነው። ከቅጹ በላይ የምፈልገው አንድ ሕግ ነው፦ «የኛ አይደለም» ብሎ የሚዘጋ ሰው የማን እንደሆነ ይጻፍ፣ ካወቀ እዛ ይክፈትና ሊንኩን ይተው።

የሆስት ፕሮግራመሩ፦ ይሄ በፈቃደኝነት የሚሠራ ሰው ላይ ሌላ ሥራ መጫን ነው። እኔ በማታ ነው ኮድ የምጽፈው። ሁሉንም ላስተላልፍ ካልኩ የምጠግነው የለም።

ፓኬጅ አዘጋጇ፦ ማስተላለፍ ኮድ መጻፍ አይጠይቅም እኮ። ለዚህ የሚሆኑ ሰዎች አሉ፣ ማንም ጠርቷቸው አያውቅም እንጂ። የሚጠግነው «የኛ አይደለም፣ ምክንያቱ ይሄ ነው» ይበል። ሊንኩን የሚያገናኙት እነሱ ይሁኑ። ፕሮጀክቶቹ እነዚህ ሰዎች ባግ ላይ ምልክት የማድረግ ፈቃድ ይስጧቸው፣ ያለዚያ ደግሞ ጆሮ ዳባ ልበስ ይባላሉ።

የሆስት ፕሮግራመሩ፦ ምልክት የማድረግ ፈቃድ እሰጣለሁ። የመዝጋት ግን አልሰጥም።

ፓኬጅ አዘጋጇ፦ መዝጋቱን ማን ፈለገው?

ሙዚቀኛዋ፦ እኔ አሁንም አንድ ቦታ ቢሆን እመርጣለሁ፣ አልደብቃችሁም። ግን አንዴ ጽፌ ሌላ ቦታ ካልተላክሁ ይበቃኛል። ቅጹን ማን ይጽፈዋል?

ፕለጊን ጸሐፊው፦ የፕለጊኑን ክፍል እኔ እጽፋለሁ። የሰርቨሩን ክፍል ፓኬጅ አዘጋጇ ብትይዘው ይሻላል።

ሙዚቀኛዋ፦ ስትጨርሱ መጀመሪያ ለእኔ ላኩልኝ። የማይገባኝ ጥያቄ ካለ ይወጣል።