የእድራችን ድምፅ አዙሪት ውስጥ ገባ፤ በየትኛው ደንብ እንወስን?

የእድራችን ገንዘብ ለአንድ ነገር ብቻ ይበቃል፦ ለድንኳን፣ ለወንበር ወይም ለዕቃ መጋዘን። 60 አባላት ሦስቱን በምርጫቸው ቅደም ተከተል ወረቀት ላይ ጻፉ። ጸሐፊው እኔ ስለሆንኩ ቆጠርኩት። 20ዎቹ ድንኳን፣ ወንበር፣ መጋዘን ብለዋል። 21ዱ ወንበር፣ መጋዘን፣ ድንኳን። 19ኙ መጋዘን፣ ድንኳን፣ ወንበር።

ሁለት ሁለቱን ሳወዳድር ጉድ ፈላ። ድንኳን ወንበርን 39 ለ21 ያሸንፋል። ወንበር መጋዘንን 41 ለ19። መጋዘን ደግሞ መልሶ ድንኳንን 40 ለ20! ማንም አባል አልተምታታበትም፤ የእያንዳንዱ ወረቀት ጥርት ያለ ነው። የተምታታው የጋራው ውጤት ነው።

ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ኮንዶርሴ ይህን አዙሪት በ1785 እ.ኤ.አ. እንደጻፈው አንብቤአለሁ። ሌሎች መንገዶችም ሞከርኩ። ለአንደኛ 2፣ ለሁለተኛ 1 ነጥብ ስሰጥ ወንበር በ62 ያሸንፋል፤ ሌሎቹ እኩል 59 ናቸው። የመጨረሻውን አስወጥቼ በሁለተኛ ዙር ሳስኬደው ግን መጋዘን ይወድቅና ድንኳን ያሸንፋል። ወረቀቱ ያው፣ አሸናፊው ሌላ። አሁን ሽማግሌዎቹ ሁለት ቦታ ተከፍለዋል። አንዱ ወገን «ነጥቡ ይጽና» ይላል፣ ሌላው «ሁለተኛው ዙር»። ሁለቱም እውነት አላቸው፣ የሚያሳስበኝም ይኸው ነው።

አሜሪካዊው የኢኮኖሚ ሊቅ ኬኔት አሮው በ1951 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው፣ አማራጭ ሦስት ሲደርስ እሱ የዘረዘራቸውን የፍትሕ መስፈርቶች ሁሉ በአንድ ላይ የሚያሟላ የደረጃ ምርጫ (አማራጮችን በቅደም ተከተል የማስቀመጥ) ደንብ የለም። ስለዚህ ፍጹሙን አልፈልግም። የተሸነፈው ወገን ሳይቀየም እንዲቀበለው፣ ከሚቀጥለው ስብሰባ በፊት የትኛውን የአቆጣጠር ስልት በመተዳደሪያ ደንባችን ብናሰፍር ይሻላል?