ዩኒቨርሲቲው “አብረን እንሥራ” ብሎናል፤ ከመፈረሜ በፊት ምን ልጠይቅ?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። ማታ ማታ ለጎልማሶች የማንበብና የመጻፍ ክፍል አስተባብራለሁ። 14 ሰዎች አሉን። አሁን አንድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹን ሊልክልን ጠይቆናል። ደስ ብሎኛል፤ ግን ፈርቻለሁም።

ከሦስት ዓመት በፊት ሌላ ተቋም እንዲሁ መጥቶ ነበር። ልጆቹ ትሑትና ታጋሽ ነበሩ። ፈተናቸው ሲደርስ ግን ሳይሰናበቱ ቀሩ። አንዲት እናት ርቆ ለሚኖር ልጃቸው በሕይወታቸው የመጀመሪያውን ደብዳቤ እየጻፉ ነበር። ገጹን አጋምሰውታል። አጠገባቸው የምትቀመጠዋን ተማሪ ሁለት ሳምንት ጠበቋት። በሦስተኛው እሳቸውም ቀሩ። የሌሎቹ ጽሑፍ ደግሞ ለሪፖርት ተብሎ ተወሰደ፤ አልተመለሰም። ኮፒ እንኳ አላስቀረንም። እስካሁን ያንገበግበኛል።

የመግባቢያ ሰነዱ ላይ ምን እንዲገባ ልጠይቅ?

መልስ 1

እህቴ፣ እኔ ተማሪ ከሚልኩት ወገን ነኝ። ስለ እኚያ እናት ሳነብ አመመኝ።

ልጆቹ ክፉ ሆነው አይደለም። ችግሩ የእኛ ካላንደር ነው። ሴሚስተር 15 ሳምንት ገደማ ነው። የሥልጠናውንና የፈተናውን ጊዜ ስትቀንሺ 10 ሳምንት ቢተርፍ ነው። ገና ፊደል ለሚለይ ጎልማሳ ይህ ምንም አይደለም። ስለዚህ ሴሚስተር ሲያልቅ የማይሄድ፣ ዩኒቨርሲቲው ደመወዝ የሚከፍለው አንድ ሰው ጠይቂ። ይህን እምቢ ካሉ ሌላው ሁሉ አይረባም። የመሰናበቻውንም ቀን ሰዎችሽ ከመጀመሪያው ይወቁት።

ተቋም ከፈለገ ወደ ሰዉ መጠጋት ይችላል። አሜሪካ ውስጥ ሶልት ሌክ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2001 የማኅበረሰብ የጽሕፈት ማዕከል፣ ማለትም የአካባቢው ሰው ሲጽፍ የሚታገዝበት ቦታ ሲከፍት፣ ከግቢው አውጥቶ ከተማው ውስጥ ነው ያደረገው።

መልስ 2

እኔ ደግሞ ምን እንደሚጻፍ ማን ይወስናል የሚለውን ባነሣ። ብራዚላዊው የጎልማሶች መምህር ፓውሎ ፍሬሬ እ.ኤ.አ. በ1963 ብራዚል፣ አንጂኮስ ውስጥ 300 ያህል ሠራተኞችን በ40 ሰዓት ለማስተማር ሲነሣ፣ ከረሲፌ ዩኒቨርሲቲ ነበር የመጣው። ታዲያ የተዘጋጀ መጽሐፍ ይዘው አልገቡም። መጀመሪያ ሰዉ በሥራውና በኑሮው የሚላቸውን ቃላት ሰበሰቡ። ትምህርቱ ከእነዚያ ቃላት ተነሣ።

አሜሪካ፣ ፒትስበርግ ከተማም እ.ኤ.አ. በ1989 ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ከአንድ የሰፈር ማኅበራዊ ማዕከል ጋር ተጣምሮ ነበር። ወጣቶቹ ከትምህርት ቤት ስለ መታገድ ሳይቀር ጻፉ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹ ደጋፊ ነበሩ፤ ጸሐፊዎቹ ወጣቶቹ ናቸው። የጻፉትንም ሥልጣን ላላቸው ሰዎች ፊት ለፊት አቀረቡ።

የእናንተ 14 ሰዎች ምን መጻፍ እንደሚፈልጉ ተጠይቀዋል?

መልስ 3

እኔ ፊደል የቆጠርኩት በ41 ዓመቴ፣ እንዲህ ባለ ክፍል ነው። ለመምህራኖቼ ዛሬም ምስጋናዬ ትልቅ ነው። አንድ ነገር ግን አይረሳኝም። የዩኒቨርሲቲ ሰዎች በመጡበት የመጀመሪያ ቀን ቅጽ አስፈረሙኝ። ማንበብ አልችልም ነበር እኮ! ጽሑፌንና ፎቶዬን ለመጠቀም መፍቀዴ መሆኑን ያወቅኩት ቆይቶ፣ ራሴ ሳነበው ነው።

እባክሽ፣ ቅጹ ጮክ ተብሎ ይነበብላቸው። “አልፈርምም” ያለም ትምህርቱ አይቅርበት። ዋናው ደብተር ደግሞ ከባለቤቱ እጅ አይውጣ፤ እነሱ ኮፒውን ይውሰዱ።

ጠያቂዋ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እውነቱን ለመናገር፣ ምን መጻፍ እንደሚፈልጉ አልጠየቅኳቸውም። ነገ ማታ እጠይቃለሁ፤ ስብሰባው ሐሙስ ነው። የቋሚውን ሰው ነገር መጀመሪያ አነሣለሁ። ለእኚያ እናትም ዛሬ ደውዬላቸው ነበር። ግማሿ ደብዳቤ አሁንም አለች።