«ሐረርን ጨርሰን ለእራት ድሬ»፦ ጀጎል የሚጨረስ ነገር ነው?

ግድር መጋላ፦
ትናንት አንድ የጉዞ ማስታወቂያ በቴሌግራም ተላከልኝ። «ጠዋት 1 ሰዓት ከድሬ ተነስተን፣ ጥንታዊ ፍርስራሾችንና የሃይማኖት ሥፍራዎችን ጎብኝተን፣ ሐረርን ጨርሰን ለእራት ድሬ» ይላል። ከሥሩ ዝርዝር አለው። አምስቱ በሮች፣ የፈረንሳዊው ገጣሚ ራምቦ ቤት፣ ራስ ተፈሪ ቤት፣ የአሚር ኑር መቃብር፣ የአው አባድር መቃብር፣ መድኃኔዓለም፣ ገበያ፣ ምሳ።

እናቴ ጀጎል ውስጥ፣ በግንብ በታጠረው ጥንታዊ ሐረር ነው የምትኖረው። የእናቴ ቤት ፍርስራሽ ነው?

ባለፈው ቅዳሜ አሚር ኑር ጋ ነበርኩ። አንዲት እናት ጥግ ላይ ቁጭ ብለው እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ ያደርጋሉ። አሥራ አራት ሰው ገባ። አስጎብኚው መሀል ቆሞ ጮክ ብሎ ማስረዳት ጀመረ። አንዷ ስልኳን አወጣችና የእናትየውን መዳፍ ከቅርብ አነሳችው። ሴትየዋ ምንም አላሉም። ሻሻቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አድርገው ዱዓውን አቋረጡት። አሥር ደቂቃም ሳይሞላ ሁሉም ወጡ። ጨረሱ ማለት ነው። እኔ ግን እስካሁን ሆዴ እንደቆሰለ ነው።

ድሬ ኮንትራት፦
ማስታወቂያው የኔ አይደለም። ሥራው ግን የኔ ነው፣ 11 ዓመት ሠርቼበታለሁ። ስለ ፎቶው እውነትሽን ነው፣ ነውር ነው። «ጨርሰን» ላይ ግን አትፍረጂ። ፕሮግራሙን ጨርሰን ማለት ነው። ደንበኛው ያለው ሁለት ቀን ነው። አውሮፕላኑም ባቡሩም የሚያወርደው ድሬ ነው። 55 ኪሎ ሜትር ቅርብ ይመስላል፣ ግን ደንገጎ ተራራ ላይ አንድ የጭነት መኪና ከፊትህ ከገባ አለቀልህ። የጫት ገበያው አወዳይ ደግሞ የጫት ሰዓት ላይ ከደረስክ ትቆማለህ። እኔ በዚህ ሰዓት ነው የምሠራው።

የሸዋ በር ልጅ፦
አቦ፣ «ፕሮግራሙን ጨርሰን» ብትሉ ማን ይቆጣ ነበር? የተጻፈው «ሐረርን ጨርሰን» ነው። ቃሉን አታሽሸው።

ድሬ ኮንትራት፦
የሰው ቋንቋ እንደዚህ ነው ወንድሜ። «አዲስ አበባን አዳረስኩ» ሲባል ማን ተቆጥቶ ያውቃል?

የሸዋ በር ልጅ፦
ማዳረስና መጨረስ አንድ አይደለም። ያዳረሰ ሰው ነገም ይመለሳል። የጨረሰ ሰው አይመለስም። እናንተ የምትሸጡት ደግሞ አለመመለስን ነው።

ከዚራ፦
የቃል ጦርነቱን ተዉትና ሥራውን እንይ። ለእራት ድሬ የሚገባ ሰው ጅብ በሰው እጅ ሲቀለብ አላየም። ጅብ የሚበላው ከመሸ በኋላ ነው፣ 1 ሰዓት ገደማ። ሰው ከሩቅ አገር የሚመጣው ለጅቡ ነው፣ እናንተ ደግሞ ገና ሳይመሽ መኪና ውስጥ ታስገቡታላችሁ። በምን ሂሳብ ነው ያለቀው?

ድሬ ኮንትራት፦
ጅብ ለሚፈልግ እናስመሻለን። ዋጋው ሌላ ነው። ማታ ደንገጎን መውረድ እኔም አልወድም፣ ቤተሰብ አለኝ።

ሐረር አስጎብኚ፦
እኔ የከተማው አስጎብኚ ነኝ። ቂሜን በግልጽ ልናገር። የድሬ መኪና ይመጣል፣ ሹፌሩ ራሱ ያስጎበኛል፣ እኛን በር ላይ ጥሎን ያልፋል። የሚናገረውን ቆሜ ሰምቻለሁ። «ይህ ራምቦ የኖረበት ቤት ነው» ይላል። ራምቦ የሞተው እ.ኤ.አ. በ1891 ማርሴይ ነው። ያ ፎቅ የተሠራው እሱ ከሞተ በኋላ ነው፣ የሕንድ ነጋዴ ነው ያሠራው። ቤቱ መታየት አለበት፣ የድሮ ሐረር ፎቶዎች አሉበት። ግን እውነቱን ተናገር። መኪና የሚያልፍበትንም በር ከአምስቱ ጋር ይቆጥራል። ያ በኋላ የተከፈተ ነው። የጥንቶቹ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በርና ፈላና በር ናቸው።

«99 መስጊድ» የሚለውንም ተዉት። በ1998 ዓ.ም. ጀጎል በዩኔስኮ ሲመዘገብ የተቆጠረው 82 መስጊድና 102 የአውሊያ መቃብር ነው።

የአው አባድር ጎረቤት፦
አያቴ 99 ነው ያሉኝ። ዩኔስኮ ከአያቴ በልጦ ነው?

ሐረር አስጎብኚ፦
እህቴ፣ አያትሽን አልነካሁም። 99 የአላህ ስሞች ቁጥር ነው፣ ሰው ለክብር ብሎት ይሆናል። እኔ የምለው ለእንግዳ ቁጥር ስትነግሪ የተቆጠረውን ንገሪ ነው።

የአው አባድር ጎረቤት፦
ለእንግዳ ብለን የራሳችንን ነገር እናርም ማለት ነው? የኛን ወግ የምናወራው እኛው ነን። ሐሙስ ማታ ከበሮው ሲመታና ዚክሪ፣ መንፈሳዊው ዜማ፣ ሲባል ቁጥር የሚጠይቅ ሰው አላየሁም። የቀን ጎብኚ ያንን አይሰማም። መቃብሩን አይቶ ይሄዳል። እኔ ማዶ ተኝቼ ነው የምሰማው።

ሳቢያን፦
አሁን ግልጽ እንሁን። ፈረስ መጋላ አደባባይ ላይ መድኃኔዓለም ፊት ለፊት ቆሞ «ቆንጆ ቤተክርስቲያን» ብሎ የሚያልፍ አስጎብኚ አለ። ምኒልክ የሐረርን አሚር ድል ካደረጉበት ከጨለንቆ ጦርነት በፊት እዚያ ቦታ ላይ መስጊድ እንደነበረ አይናገርም። በ1879 ዓ.ም. ጥር ላይ ምን እንደሆነ ሳይነገር ምኑ ነው ታሪክ?

ቁልቢ ተሳላሚ፦
ይሄ ለምን መጣ? ሰው እየጸለየበት ያለ ቤተክርስቲያን ነው። እኔም እዚያ ነው የምስመው። ለቱሪስት ፊት ቁስል መጎርጎር ምን ይጠቅማል?

ሳቢያን፦
መጎርጎር አላልኩም። ማንም ቤተክርስቲያኑን አልነካም። ሐረሪ ቤት ገብተህ ነደባው፣ መቀመጫ መደቡ፣ ለምን ቀይ እንደሆነ ጠይቅ። በጨለንቆ ለወደቁት ነው ይሉሃል። ቤት ውስጥ በየቀኑ የሚቀመጡበት ነገር አደባባይ ላይ ለምን ይደበቃል?

ቁልቢ ተሳላሚ፦
ከሆነ ሁሉም ይነገር። አሚር ኑር ግንቡን ያሠራው በጦርነት ዘመን ነው፣ አፄ ገላውዴዎስም የወደቁት ከእሱ ጦር ጋር ሲዋጉ ነው። ያንንም ትናገራላችሁ?

ሐረር አስጎብኚ፦
እኔ ሁለቱንም እናገራለሁ። ሰው ተቆጥቶብኝ አያውቅም። ግን ጊዜ ይፈልጋል። አሥር ደቂቃ ላይ ሁለቱ አይገቡም።

ቁልቢ ተሳላሚ፦
እሺ፣ ይሄንን እቀበላለሁ። እኔ ታህሣሥ 19 ቁልቢ ስወጣ ስለት ይዤ ነው። አንድ ጊዜ ጡዋፍ ለኩሼ እንባዬ እየወረደ ነበር፣ ዞር ስል አንዱ ካሜራ ፊቴ ላይ አድርጓል። ያች አሚር ኑር ጋ ያሉ እናት ምን እንደተሰማቸው አውቃለሁ። በዚህ ከግድር መጋላ ጋር ነኝ። በጨለንቆው ግን አይደለሁም።

የምድር ባቡር ጡረተኛ፦
ልጆቼ፣ ሽማግሌም ይናገር። ሐዲዱ ድሬ የደረሰው በፈረንጅ 1902 ነው። መጀመሪያ የታሰበው ሐረር እንዲገባ ነበር፣ ተራራው ከለከለው። ድሬ ያን ጊዜ «አዲስ ሐረር» ነበር የተባለችው። ድሬ የሐረር በር ሆና ነው የተወለደች። በር ላይ የቆመ ሰው ቤቱን ጨረስኩ አይልም። እኛ ሐረር ስንወጣ ዘመድ ቤት ነበር የምናድር። ሳያድሩ መመለስ ቅያሜ ነበረው።

ድሬ ኮንትራት፦
ጋሼ፣ ክብር ይስጥልኝ። ግን የእርስዎ ዘመን ሰው ዘመድ ነበረው። የኔ ደንበኛ ዘመድ የለውም። ሆቴል ነው ያለው፣ ሆቴሉን ደግሞ ድሬ ቀድሞ ከፍሎበታል።

ግድር መጋላ፦
እዚህ ላይ ነው ነገሩ። ምሳ የምትበሉት የት ነው?

ድሬ ኮንትራት፦
አንዳንዴ ሐረር።

ግድር መጋላ፦
አንዳንዴ። ማደር ድሬ፣ እራት ድሬ፣ መኪናው የድሬ፣ አስጎብኚው የድሬ። ለሐረር የሚቀረው ጫማ የረገጠው ድንጋይ ነው። መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ ላይ ልብስ ሰፊዎቹ ማሽናቸው ላይ ቁጭ ብለው እንግዳ ሲያልፍ ያያሉ። አንድ ነገር ለማሰፋት ሁለት ሰዓት ያስፈልጋል። ሁለት ሰዓት ግን የለም፣ መኪናው ይነሳል። ጀጎል ውስጥ ቤታቸውን ለእንግዳ ማደሪያ ያደረጉ ሴቶች አሉ። ነደባው ላይ ምንጣፍ አንጥፈው ሲጠብቁ ይውላሉ።

ከዚራ፦
ግድር መጋላ፣ በዚህ ልክ ነሽ። ግን እኛ የድሬ ልጆችን ሁሉ ሌባ አታድርጊን። ድሬም የራሷ አላት። ፖርክ ኤፒክ ዋሻ አለ፣ ለገ ኦዳ የድንጋይ ላይ ሥዕል አለ። ያንን ማን ያስጎበኛል? እኛው ራሳችን ረስተነው እንግዳውን በሙሉ ሐረር እንጭናለን።

የሸዋ በር ልጅ፦
ፍርስራሽ የሚፈልግ እንግዳ ካለ ዋሻው ይሻለዋል። እዚያ ዱዓ የሚያቋርጥ ሰው የለም። ጀጎል 48 ሄክታር ነው፣ ሰው የሚኖርበት፣ ልጅ የሚወለድበት።

ድሬ ኮንትራት፦
እሺ፣ ምን ላድርግ? ቅዳሜ ዘጠኝ ሰው አለኝ። ስማቸውን ጽፈዋል፣ ቀብድ ከፍለዋል።

ሐረር አስጎብኚ፦
ሸዋ በር አቁም፣ ከእኛ አንዱን ያዝ። መቃብር ቦታ ስትገባ አስቀድመህ ሙሪዱን፣ የቦታውን ጠባቂ፣ ጠይቅ። ጫማ ይውለቅ፣ ስልክ ኪስ ይግባ። ከዝርዝሩ ውስጥ ሦስቱን ሰርዝ።

ድሬ ኮንትራት፦
ሦስቱን ከሰረዝኩ «ጎደለብን» ይሉኛል። ለአንተስ የምከፍለው ከየት ይመጣል?

ሐረር አስጎብኚ፦
ከምሳው። ሐረር አብላቸው፣ ርካሽ ነው።

የአው አባድር ጎረቤት፦
እኔ ግን 82 የሚለውን አልተቀበልኩም።

ሐረር አስጎብኚ፦
እህቴ፣ ነይና አብረን እንቁጠር። ከፈላና በር እንጀምር።

የአው አባድር ጎረቤት፦
ከኤረር በር ነው የሚጀመረው።

ድሬ ኮንትራት፦
ግድር መጋላ፣ ለአንቺ ብዬ እኔ በበኩሌ ቃሉን ልቀይር። «ሐረርን አይተን» ልበል?

ግድር መጋላ፦
ቃሉን ብቻ ከቀየርክ ሴትየዋ አሁንም ሻሻቸውን ይስባሉ። ሐረሪ ከተማውን «ጌይ» ነው የሚለው። ከተማ ማለት ነው፣ ሌላ ስም አላስፈለገውም። ቅዳሜ ስትመጣ እናቴ ቤት ዘጠኙንም አስገባቸው፣ ቡና አለ። ግን 9 ሰዓት ላይ ሰዓትህን እንዳታይ።

ድሬ ኮንትራት፦
9 ሰዓት ላይ ካልተነሳሁ ደንገጎ ይመሽብኛል።

የሸዋ በር ልጅ፦
የቴሌግራሙን ማስታወቂያ አሁን ከፍቼ አየሁት። አንድም ቃል አልተነካም። «ሐረርን ጨርሰን» ይላል፣ ከሥሩ ደግሞ ለእሁድ ስድስት ቦታ ቀርቷል።