የልደት ቀን በማን አቆጣጠር ይሞላ?

ጥያቄውን ያነሣው፦
አገር ውስጥ በምንሠራቸው ድረ-ገጾች ላይ ቀን የሚሞላው በዓለም አቀፉ መስፈርት፣ በአይኤስኦ 8601 ብቻ ይሁን እላለሁ፤ በፈረንጆች አቆጣጠር፣ ዓመት፣ ወር፣ ቀን። ሁለት አቆጣጠር አንድ ዳታቤዝ ውስጥ ተቀላቅሎ አይቻለሁ። «2012» የማን 2012 እንደሆነ የሚያውቅ ጠፍቶ መዝገብ ስንለቅም ከርመናል።

አንዲት እናት፦
እኔ ኮድ አልጽፍም። ልጄ የተወለደው ጳጉሜ 6 ቀን 2011 ነው። ትምህርት ቤት ሳስመዘግበው ቅጹ 13ኛ ወር አልቀበልም አለ። ጸሐፊዋ ጨንቋት 1/1/2012 ብላ ሞላችው። ኮምፒዩተሩ በፈረንጅ ቆጥሮ ከሰባት ዓመት በላይ ጨመረበት። ለማስተካከል ስንት ቀን ተመላለስኩ! የልጄ ቀን ቅጹ ላይ ቦታ ይኑረው ማለት ብዙ ነው?

የድሮ ድር ሠሪ፦
እህቴ፣ ብዙ አይደለም። መስፈርት ይቅር ከተባለ ግን የመጀመሪያው ተቃዋሚ እኔ ነኝ። እ.ኤ.አ. በ1999 የዓለም ፊደላት ለኮምፒዩተር የሚመዘገቡበት የጋራ መስፈርት፣ ዩኒኮድ 3.0፣ ፊደላችንን ከማካተቱ በፊት የግእዝ ፎንቶች እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ኮድ ነበር የሚሠሩት። ፎንቱ የሌለው ሰው ገጹን ሲከፍት ትርጉም የለሽ የላቲን ምልክት ይደረደርበታል። ጽሑፉን ሥዕል አድርጎ የሚለጥፍም ነበር፤ ያንን ማን ፈልጎ ያገኘዋል? ከዚያ ጣጣ ያወጣን መስፈርት ነው፤ ያወጣን ግን ሀ ሁን አካቶ እንጂ አስጥሎ አይደለም። ቀኑም እንዲሁ ይሁን። ዳታቤዙ ውስጥ 2019-09-11 ተብሎ ይቀመጥ፣ እናትየዋ ግን ጳጉሜ 6 ብላ ትሙላ። ማስላት የማሽኑ ሥራ ነው። የድረ-ገጽ ፕሮግራም የሚጻፍበት ቋንቋ፣ ጃቫስክሪፕት፣ የኛን አቆጣጠር ስለሚያውቅ ለማሳየቱ አንድ መስመር ኮድ ይበቃል። የጎደለው መሙያው ነው፤ ድረ-ገጽ የሚዋቀርበት የኤችቲኤምኤል ቋንቋ ይዞት የሚመጣው የቀን መሙያ የሚያውቀው ግሪጎርያኑን ብቻ ነው።

ጥያቄውን ያነሣው፦
ፍርሃቴም እዚያ ላይ ነው። ሁሉም የየራሱን መሙያ ሲሠራ አንዱ ጳጉሜ በ4 ዓመት አንዴ 6 እንደምትሆን ይረሳል። የሌላውን ደግሞ ለዓይነ ስውሩ ገጹን በድምፅ የሚያነብለት ፕሮግራም፣ ስክሪን ሪደር፣ አያነበውም።

የድሮ ድር ሠሪ፦
ልክ ነህ፣ ይህን አላሰብኩትም። እንግዲያው አንድ መሙያ በጋራ ሠርተን ኮዱን ለሁሉም ክፍት እናድርገው። ስሌቱን እኔ እጽፋለሁ፤ የስክሪን ሪደሩን ፍተሻ አንተ ያዝ።

እናትየዋ፦
ስትሞክሩት በልጄ ቀን ጀምሩ።