ክርክር፦ ሩዙ የወጣለት ሱሺ በእርግጥ ጤናማ ነው?

አወያይ፦ ሱሺ (ሩዝና ዓሣ በባሕር አረም ቅጠል የሚጠቀለልበት የጃፓን ምግብ) ቤታቸው የሚጠቀልሉ ሰዎች ሩዙን ትተው አበባ ጎመን ማስገባት ይዘዋል። «እህል ስለሌለው ጤናማ ነው» ይላሉ። እውነት ነው ወይስ ወሬ? ምክንያታችሁን ጻፉ። ስድብ ካየሁ አጠፋለሁ።

ቀጭን ቢላ፦ እውነት ነው እንጂ! 100 ግራም የበሰለ ነጭ ሩዝ 28 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት አለው። ያው መጠን አበባ ጎመን ግን 5 ግራም ገደማ ነው። ሌላ ምን ማስረጃ ትፈልጋላችሁ?

ሩዝ ወዳድ፦ ቁጥሩስ ልክ ነው። ግን ጎመን ብቻውን መች ይያያዛል? ስለዚህ ክሪም ቺዝ ትለውሱበታላችሁ። ከላይ ደግሞ ማዮኔዝ። 100 ግራም ማዮኔዝ እኮ ወደ 700 ካሎሪ ይጠጋል! ምኑን ቀነሳችሁት?

ቀጭን ቢላ፦ ማን ክሪም ቺዝ አድርግ አለህ? የበሰለ አቮካዶ በሹካ ፈጭተህ ለውሰው፣ ይይዝልሃል። ዋናው ጣጣ ውሃው ነው። ጎመኑን በካሮት መፈቅፈቂያ ፈቅፍቀው። ዘይት የሌለው መጥበሻ ላይ እንፋሎቱ እስኪቀንስ አመስ አመስ አድርገው። አትቀቅለው! ከቀዘቀዘ በኋላ በንጹህ ጨርቅ ጠቅልለህ ጠብ የሚል ውሃ እስኪጠፋ ጭመቀው። ኖሪው (መጠቅለያው የባሕር አረም) ተቀደደብኝ የሚለው ሁሉ እዚህ ላይ የሰነፈ ነው። ኖሪው ላይ ስሱ አድርገህ ዘርጋው፣ ዳር ላይ ሁለት ጣት ያህል ባዶ ተው። የኪያሩን ፍሬ አውጣ፣ እሱም ውሃ ነው። ቢላውን እያረጠብክ ቁረጥና ወዲያው ብላ፤ ካደረ አይሆንም።

ስኳር ያለብኝ፦ ለእናንተ ፋሽን ሊሆን ይችላል። ለእኔ ግን ልዩነቱ መለኪያው ላይ ይታያል። የሱሺ ሩዝ ኮምጣጤ፣ ጨውና ስኳር ተደርጎበት ነው የሚለወሰው። ስለዚህ ከሩዙም ከቅመሙም ይመጣብኛል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፤ ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ሩዙን ድንገት ከመተው በፊት ሐኪሙን ያማክር። ስኳሩ ከልክ በላይ ሊወርድበት ይችላል።

ሩዝ ወዳድ፦ አንተስ ምክንያት አለህ ወንድሜ፣ እግዜር ይማርህ። እኔን የሚያናድደኝ ምንም የሌለበት ሰው ሩዝን እንደ መርዝ ሲያወራው ነው።

ግሉተን የማይስማማኝ፦ ሴሊያክ አለብኝ፤ ስንዴ ውስጥ ያለው ግሉተን የሚባል ፕሮቲን አንጀቴን ይጎዳዋል። ሩዝ ግሉተን የለውም፣ ምንም አድርጎኝ አያውቅም። እኔን የሚጥለኝ ሶያ ሶሱ ነው። የተለመደው ሶያ ሶስ እኮ ስንዴ ገብቶበት ነው የሚሠራው! ጎመን ስትጨምቁ ውላችሁ መጨረሻ ላይ ስንዴ ውስጥ ትነክሩታላችሁ። ክራብ ስቲክ የምትሉት ክራብ መሰል የዓሣ ጥቅልም ብዙ ጊዜ የስንዴ ስታርች አለበት። ታማሪ የሚባለው የሶያ ሶስ ዓይነት አብዛኛው ያለ ስንዴ ነው፤ እሱንም ቢሆን ጠርሙሱ ላይ ያለውን ሳታነቡ እንዳትገዙ።

ቀጭን ቢላ፦ ልክ ብለሻል እህቴ። የሩዝ ኮምጣጤም ያው ከእህል ነው፣ እኔ በሎሚ ነው የምተካው።

ጨው ቆጣሪ፦ ጨውን ማንም አላነሳም። አንድ የሾርባ ማንኪያ ሶያ ሶስ 900 ሚሊግራም ያህል ሶዲየም አለው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ2,000 በታች ይሁን ይላል። ሁለት ማንኪያ ከሆነ የቀኑ አለቀ ማለት ይቻላል። እዚህ ግን ሁሉም ስለ ሩዝ ይጨቃጨቃል።

አወያይ፦ ዓሣውስ? ጥሬ ነው የምትጠቀሙት?

ቀጭን ቢላ፦ ሳልመን ገዝቼ ፍሪዘር ውስጥ አሳድረዋለሁ።

ጨው ቆጣሪ፦ ማሳደር አይበቃም! የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ጥገኛ ትል እንዲሞት ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ 7 ቀን ይቆይ ነው የሚለው። የቤት ፍሪዘር ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከዜሮ በታች 18 አካባቢ ነው። ባክቴሪያን እንደሆነ ቅዝቃዜው አይገድለውም። ነፍሰ ጡር ከሆንሽ ጥሬውን ጭራሽ እንዳትነኪው። የበሰለ ሽሪምፕ ወይም ስስ የእንቁላል ጥብስ ምን አለው?

ሩዝ ወዳድ፦ ሽሪምፕ፣ አቮካዶ፣ ኪያር፣ ሎሚ፣ ሶስ በጠብታ። እንዲህ ከሆነማ ሩዙ ምን አጠፋ? ግማሽ ሩዝ ግማሽ ጎመን እናድርገው።

ቀጭን ቢላ፦ ታዲያ ከእህል ነጻ መሆኑ ቀረ።

ሩዝ ወዳድ፦ ይቅራ!

ስኳር ያለብኝ፦ ግማሽ ግማሹን ልሞክረው። ከበላሁ ከሁለት ሰዓት በኋላ ለክቼ እዚሁ እጽፍላችኋለሁ።